ጎረቤት የላከው የአጋዘን ሥጋ

ኅዳር ሊጋመስ፣ ጾመ ነቢያትም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አሜሪካ ዊስኮንሲን የምትኖር እህትዎ ደወለች እንበል። "ጎረቤታችን ሥጋ ይዞልን መጣ" ትላለች። የምን ሥጋ ሲሏት "የአጋዘን፤ ራሱ አድኖ ያመጣው ነው" ትልዎታለች። የስልኩ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ስለሆነ ሳሎን ያለው ሁሉ ይሰማል። እናትዎ ምን ብለው እንደሚጠይቁ ይታወቃል፤ "ማን ባርኮ አረደው?" ልጆቹ ደግሞ ጣዕሙን ነው ማወቅ የሚፈልጉት። በዚህ ሁሉ ጨዋታ መካከል ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፦ ሥጋው ተመርምሯል ወይ?

ጥያቄው ጎረቤትን መጠርጠር አይደለም። ጎረቤትዬው ራሱ ለልጆቹ ከማብሰሉ በፊት የሚጠይቀው፣ ቢያንስ ሊጠይቀው የሚገባው ነው። ከጀርባው በዚያ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ያከራከረ፣ ጓደኛሞችን ያጣላ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትንና አዳኞችን ያፋጠጠ ታሪክ አለ። ዘመድ አዝማድዎ በዊስኮንሲን፣ በሚኒሶታ ወይም በኮሎራዶ ካለ ታሪኩ ወደ ቤትዎ ማዕድ ሊጠጋ ይችላልና ጊዜ ሰጥተው ያንብቡት።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። እኛ አጋዘን ስንል በልባችን የሚመጣው የባሌና የአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን ወይም የቆላው ዘመዱ ነው። የእነሱ ቀንድ አንዴ ከበቀለ የዕድሜ ልክ ነው። የአሜሪካው ሌላ ወገን ነው፤ ወንዱ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ቀንዱን ይጥልና በጸደይ አዲስ ማብቀል ይጀምራል። በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮው የለም። የተሻለ ቃል ስላላገኘን ግን እዚህም አጋዘን እንለዋለን። ዊስኮንሲን ያለው ዝርያ ሲደነግጥ ጅራቱን ሽቅብ ያነሳል፤ ከሥሩ ነጭ ስለሆነ "ነጭ ጅራት" ይባላል።

በዊስኮንሲን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አጋዘን እንዳለ ይገመታል። አደኑም የጥቂት ሀብታሞች መዝናኛ አይደለም። በጠመንጃ የሚታደንበት ዋናው ወቅት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ከምስጋና ቀን፣ እነሱ ታንክስጊቪንግ ከሚሉት በዓል፣ በፊት ባለው ቅዳሜ ይጀምራል። ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ብርቱካንማ ልብስ ለብሶ ጫካ ይገባል። አያት የልጅ ልጁን፣ አባት ሴት ልጁን ይዞ ይወጣል። ለብዙ ቤተሰብ የዓመቱ ሥጋ የሚገኘውም ከዚያ ነው። ለዚህ ነው የአደን ፈቃድ ገንዘብ ለግዛቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ዋና የገቢ ምንጭ የሆነው። አዳኙ ከቀረ የሚጎዳው የጠመንጃ ሻጩ ብቻ አይደለም፤ የጫካ ጠባቂውም ደመወዝ ነው።

አደኑ ሌላም ሥራ አለው። በደቡብ ዊስኮንሲን የእርሻ አገር አጋዘኑን የሚቀንስ ተኩላ ከጠፋ ቆይቷል። አንዲት ጎልማሳ ሴት አጋዘን በአብዛኛው በዓመት መንታ ትወልዳለች። በቆሎና አኩሪ አተር በየሜዳው ተዘርቶላታል። ሰው ካልቀነሰው መንጋው ጫካውን ይግጣል፣ ሰብል ያወድማል፣ መንገድ ላይ ከመኪና ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የግዛቱ ባለሙያዎች በየዓመቱ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ ይታደን ብለው ያሰላሉ። የመንጋ አስተዳደር የሚባለው ይህ ሂሳብ ነው። ልብ ይበሉ፤ ቁጥር የሚቀንሰው ሴቶቹ ሲታደኑ ነው። አዳኙ ግን ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ባለ ትልቅ ቀንድ ወንድ ነው የሚፈልገው። ይህን አለመጣጣም ይያዙልኝ፤ በኋላ ይመለሳል።

ምድጃ የማያሸንፈው በሽታ

የካቲት 2002 እ.ኤ.አ. ላይ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዊስኮንሲን ውስጥ ማውንት ሆረብ በምትባል ከተማ አካባቢ ባለፈው የአደን ወቅት የተገደሉ ሦስት አጋዘኖች ላይ በሽታ መገኘቱ ተነገረ። በሽታው ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ ይባላል፤ እንስሳውን ቀስ በቀስ አመንምኖ የሚገድል ማለት ነው። መጀመሪያ የታየው በ1967 በኮሎራዶ ለምርምር በአጥር ውስጥ በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነበር። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ሲገኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ሆነ።

በሽታው ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ ፕሪዮን ይባላል። ጤነኛውን ፕሮቲን እየነካ እንደ ራሱ ያበላሸዋል፣ አንጎልንም ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። የያዘው አጋዘን አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ይበላል፣ ይዘላል፣ ይወልዳል። በመጨረሻ ብቻ ይከሳል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ጆሮው ይወድቃል። ያኔ ማንም ሰው አይቶ ይለየዋል። ከዚያ በፊት ግን ለወራት በምራቁ፣ በሽንቱና በእዳሪው በሽታውን ሲዘራ ቆይቷል። ፕሪዮኑ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ክትባት የለውም፣ መድኃኒት የለውም፣ ከያዘው የሚተርፍ የለም።

ለእኛ ቤት ኩሽና የሚከብደው የሚቀጥለው ነው። እኛ ሥጋ ሲያጠራጥረን መልሳችን የታወቀ ነው፤ ክትፎውን ትተን ጥብስ እናደርገዋለን፣ በደንብ እናበስለዋለን፣ አለዚያም ዘልዝለን፣ በርበሬና ጨው ነስንሰን ቋንጣ እናደርገዋለን። ለፕሪዮን ይህ ሁሉ አይሠራም። መጥበስ፣ መቀቀል፣ ማድረቅ፣ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ አያጠፋውም።

ታዲያ ሰው ይይዛል ወይ? እስካሁን በዚህ በሽታ መያዙ የተረጋገጠ አንድም ሰው የለም። ይህን ማወቅ ያረጋጋል። ግን የእንግሊዝን የእብድ ላም በሽታ ያስታውሷል? እሱም የፕሪዮን በሽታ ነው። ሰው አይነካም ተብሎ ለዓመታት ሲነገር ቆይቶ በ1996 ከሥጋው ወደ ሰው መተላለፉ ይፋ ሆነ። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ምክር ከዚያ የተማረ ይመስላል፦ በሽታው ካለበት አካባቢ የታደነውን አስመርምሩ፣ ከተገኘበት አትብሉት።

በሽታ ገብቶ የዱር እንስሳና የቤት ከብት አብሮ ማለቁ ለእኛ የመጽሐፍ ወሬ አይደለም። አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ዘመን በ1880ዎቹ መጨረሻ በገባ የከብት በሽታ ነው የጀመረው። አገሩ በሬ አልባ ቀረ፤ በዱርም ጎሹንና ቆርኬውን ፈጀው። ያ በሽታ ግን ክትባት ተገኘለትና በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የአጋዘኑ በሽታ እንዲህ ያለ ተስፋ ገና አላገኘም። ለዱር እንስሳ መድኃኒት ከሌለ ደግሞ በእጅ የሚቀረው መሣሪያ አንድ ነው፤ ጠመንጃ።

ሁሉንም ግደሉ

ዊስኮንሲን መጀመሪያ የወሰነችው ቆራጥ ነበር። በሽታው በተገኘበት ዙሪያ አንድ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክልል ከለለችና እዚያ ያለውን አጋዘን በሙሉ ለመጨረስ ተነሳች። የአደኑ ወቅት ተራዘመ፣ የፈቃድ ቁጥር ላላ፣ የመንግሥት ተኳሾችም ተሰማሩ። ወንድ አጋዘን ለመግደል የፈለገ መጀመሪያ ሴት መግደል አለበት የሚል ሕግም ወጣ። አጋዘን እንዲሰበሰብ እህል ማፍሰስ ተከለከለ፤ አፍ ለአፍ ተጠጋግተው አንድ ገንዳ ላይ ሲበሉ በሽታውን ይቀባበላሉና።

በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። ሰው ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ። የዚያ አካባቢ መሬት በአብዛኛው የግል ነው፤ ባለመሬቱ አላስገባም ካለ ተኳሹ ከአጥር ውጭ ይቆማል። አያቱ ተክሎ ያቆየለትን ጫካ፣ ልጁ የመጀመሪያውን አጋዘን ያየበትን ቦታ፣ አንድም እንስሳ እንዳይቀር ባዶ አድርግ ሲባል ስንቱ እሺ ይላል? ሬሳው የት ይቀበር የሚለው ራሱ ሙግት ሆነ። በዚያ ዓመት ፈቃድ የገዛው አዳኝ ቁጥርም ከቀደመው ዓመት በአንድ አሥረኛ ገደማ ቀነሰ። ሴት ካልገደልክ ወንድ የለም የሚለው ሕግ ደግሞ ከሁሉ በላይ ተጠላ። አዳኙ ለሰዓታት ብርድ ላይ ተቀምጦ፣ የዕድሜ ልክ ምኞቱ የሆነው ባለ ትልቅ ቀንድ ፊቱ ሲያልፍ፣ ሴት ስላልገደለ ዝም ብሎ ማየት ግድ ሆነበት። ነገሩ ለምን እንዳንገበገበው አዳኝ ያልሆንኩት እኔም ይገባኛል።

ግን የበሽታው ሳይንስ የሚለው የአዳኙን ምኞት ተቃራኒ ነው። በሽታው በጎልማሳ ወንዶች ላይ ከሴቶቹ በእጥፍ ገደማ ይበዛል። ወጣት ወንዶች ደግሞ የትውልድ ቦታቸውን ለቀው ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ በሽታውንም ይዘው ይሄዳሉ። ቀንዳቸው እስኪያምር ወንዶቹን ማቆየት ማለት በሽታ ተሸካሚውን ማስረጀት ማለት ነው።

እስከ 2006 ድረስ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ፣ መንጋው ግን በታሰበው መጠን አልቀነሰም። የሕዝቡ ትዕግሥት አለቀ። በ2007 የመንግሥት ተኩስ ቆመ፤ በ2011 ያ የተጠላ ሕግ በምክር ቤት ተሻረ። ከዚያ ወዲህ ግዛቲቱ በአብዛኛው በሽታውን እየመረመረች ትከታተላለች። ዛሬ በደቡብ ዊስኮንሲን አንዳንድ ቦታ ከሚመረመሩት ጎልማሳ ወንድ አጋዘኖች ከሦስት አንዱና ከዚያም በላይ በሽታው አለበት።

ከድንበሩ ማዶ

እዚህ ላይ "እንግዲያው ምንም ቢደረግ አይሠራም ማለት ነው" የሚል ሰው ይኖራል። ዊስኮንሲንም ብዙዎች ያሉት ይህንኑ ነው። ከደቡብ ድንበሯ ማዶ ያለችው ኢሊኖይ ግን ሌላ ታሪክ አላት።

ኢሊኖይ በሽታውን ያገኘችው በዚያው በ2002 ነው። አጋዘኑ ያው ነው፣ እርሻው ያው ነው፣ አዳኙም ያው ነው። እሷ ግን ሁሉንም ልግደል አላለችም። አዳኙ ወቅቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ የበሽታው ምልክት የተገኘበትን ቦታ ብቻ እየለዩ፣ ባለመሬቱን እያስፈቀዱ፣ ጥቂት ተኳሾች እዚያ ያለውን የአጋዘን ቤተሰብ ይቀንሳሉ። ሴት አጋዘኖች እናት፣ ልጅ፣ እህት ሆነው ተጠጋግተው ስለሚኖሩ፣ አንዷ ከታመመች በሽታው የሚቀጥለው እዚያው ሠፈር ነው። ሥጋው ይመረመራል፤ ነፃ የሆነው ለተቸገሩ ይሰጣል። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና። በሚቀጥለውም።

በ2014 የወጣ ጥናት የሁለቱን ግዛቶች አሥር ዓመት አስተያየ። በኢሊኖይ በሽታው ከመቶ አንድ ገደማ ላይ ሳይነቃነቅ ቆይቷል። በዊስኮንሲን ግን ተኩሱ ከቆመበት ከ2007 በኋላ በየዓመቱ ሲጨምር ተገኘ። ኢሊኖይ በሽታውን አጥፍታለች ማለት አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛምቷል። ግን ቀስ ብሎ ነው የተዛመተው። ለአዳኙም ቢሆን አደኑ አልተነካበትም። ለመድኃኒት ፍለጋ ጊዜ የሚገዛ ሥራ ነው፤ ብዙ የማያጓጓ፣ ጋዜጣ ላይ የማይወጣ፣ በየዓመቱ የሚደገም።

እኔን ከዚህ ሁሉ የገረመኝ የበሽታው አካሄድና የሰው ትዕግሥት አለመመጣጠን ነው። በሽታው አንድን እንስሳ ለመግደል ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ አንድን መንጋ ለመቀነስ ደግሞ ሃያ። ሰው ሦስት ወቅት አድኖ ለውጥ ካላየ ይደክመዋል። ቤትዎ ውስጥ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ነገሩ ይገባዎታል። አላመመኝም ብሎ ክኒኑን ያቆመው ዕለት ምንም አይሆንም። በሚቀጥለው ወርም ምንም።

ሁሉንም መግደል እስከ መጨረሻው የተሞከረበት አገርም አለ፤ ኖርዌይ። በ2016 ኖርድፊዬላ በተባለ ተራራማ አካባቢ አንዲት የዱር ሬንዲር፣ ያ የብርድ አገር አጋዘን፣ ተመራማሪዎች ፊት ወድቃ ሞተች። ስትመረመር ይኸው በሽታ ተገኘ፤ በአውሮፓ የመጀመሪያው ነበር። መንግሥት አልተወላወለም። በ2017 የበጋ መጨረሻ አዳኞቹ ጀመሩት፣ ብርዱ ሲገባ የመንግሥት ተኳሾች ተከተሉ፣ በ2018 ከሁለት ሺህ በላይ እንስሳ የነበረበት መንጋ እንዳለ ጠፋ። ከእነዚያ ሁሉ መካከል በሽታው የተገኘባቸው 19 ብቻ ናቸው። ተራራው ለዓመታት ሬንዲር አልባ ሆኖ እንዲቆይ ተወሰነ፤ አፈሩ እንዲያርፍ። ትውልድ ከትውልድ እዚያ ሲያድን የኖረው ገበሬ የመጨረሻውን መንጋ በገዛ እጁ ገደለ። መራራ ነው። በዚህ ሳያበቃም በ2020 ሃርዳንገርቪዳ በተባለውና ትልቁ የዱር ሬንዲር መንጋ በሚገኝበት ጎረቤት ተራራ ላይ ሌላ በሽተኛ ተገኘ። አሁን ያን ትልቁን መንጋ ምን እናድርገው የሚለው ክርክር እዚያም ቀጥሏል።

ቀድሞ የደረሰ ግን የሚቀናበት ጊዜ አለ። ኒው ዮርክ በ2005 በዱር አጋዘኖች ላይ በሽታውን ስታገኝ ወዲያው አካባቢውን አጽድታ፣ መኖ ማፍሰስን ከልክላ፣ የሬሳ ዝውውርን ዘጋች። ለዓመታት በዱር ውስጥ ዳግም አልታየባትም። ልዩነቱ ዕድልም ይሁን ፍጥነት፣ በሽታው አፈር ውስጥ ሥር ሳይሰድ መድረሱ ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

አሁን ወደ እህትዎ ፍሪዘር

ይህን ሁሉ ሲሰሙ "እንግዲህ ሥጋውን ትጣለው" ሊሉ ይችላሉ። አይቸኩሉ። የአጋዘን ሥጋ ቅባቱ ጥቂት ነው፤ ስጦታውም የከበረ ነው። ያ ጎረቤት ሌሊት ተነስቶ፣ በረዶ ላይ ተቀምጦ ያመጣውን ነው ያካፈላት። ፊት ለፊቱ መመለስ ነውር ነው።

ይልቅ ጎረቤቷን ሁለት ነገር ትጠይቀው፤ የት አካባቢ ታደነ፣ ጭንቅላቱስ ለምርመራ ሄዷል? አዳኝ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም። በዊስኮንሲን ምርመራው ለአዳኙ በነፃ ነው። በየአካባቢው በተዘጋጁ መቀበያዎች የአጋዘኑን ጭንቅላት ከነአንገቱ ፎርም ሞልቶ ያስቀምጣል፤ ባለሙያዎች ከጉሮሮው ጀርባ ያለውን ንፍፊት ያወጡና ላቦራቶሪ ይልካሉ። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ይደርሳል። በጥሩ ጊዜ የሚደርስ ጾም የለም ይባል ይሆናል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ጾመ ነቢያት እንደታዘዘ ነው የሚደርሰው። ሥጋው ፍሪዘር ይገባል፣ ቤተሰቡ ሽሮውን ይበላል፣ ገና ከመድረሱ በፊት ውጤቱ ይመጣል።

ፌስታሉ ላይ የማን ሥጋ እንደሆነና የተገኘበትን ቀን ትጻፍበት። አዳኙ ሥጋውን ለሥጋ ቆራጭ ሰጥቶ ያስቆረጠው ከሆነ፣ የእሱ አጋዘን ለብቻው መቆረጡን ትጠይቅ፤ አንዳንድ ቦታ የተፈጨው ሥጋ ከሌላው ሰው ጋር ይቀላቀላል። አጥንቱን ለመረቅ ብላ አትቀቅል። በሽታው ይበልጥ የሚከማቸው በአንጎል፣ በአከርካሪ፣ በዓይን፣ በጣፊያና በንፍፊት ነውና፣ ጥሩው ከአጥንት የተለየ ቀይ ሥጋ ነው። ውጤቱ "ተገኝቷል" ካለ ለውሻም አይሰጥ፣ ጓሮም አይጣል፤ የግዛቱ መመሪያ እንደሚለው ታሽጎ ወደተፈቀደ የቆሻሻ መጣያ ይሂድ። የእህትዎ ልጆች ጓሮ የሚመጣውን አጋዘን በቆሎ እያበሉ ፎቶ የሚነሱ ከሆነም ይተዉት፤ በብዙ ወረዳዎች የተከለከለ ነው።

"አልተገኘም" ካለ ደግሞ የገና ጥብስ ነው። ቅባት ስለሌለው ቅቤውን በርከት ታድርግበት፣ እሳት ላይም አታቆየው፤ ቶሎ ይደርቃል። ለእናትዎ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ላቦራቶሪው መልስ የለውም። እሱን ለንስሐ አባቷ ትደውልና ትጠይቅ።